የሮሲኒ «የሴቪያው ፀጉር አስተካካይ»፦ ከስንቱ ቅጂ የቱን እንይ?

ኦፔራ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድማ የምትመጣው «አይዳ» ናት። የኢትዮጵያ ልዕልት ታሪክ ስለሆነ ስሟ ጆሯችን ውስጥ ቀርቷል። «አይዳ» ግን በሞት ነው የሚያልቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኦፔራ ሊያይ የተቀመጠ ሰው፣ በተለይ መሳቅ የሚፈልግ ከሆነ፣ በጆአኪኖ ሮሲኒ «የሴቪያው ፀጉር አስተካካይ» ቢጀምር ይሻለዋል። ሥራው ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ያስቃል።

ጥያቄው የቱን ቅጂ ነው። በቪዲዮ ብቻ የተቀረጸው ብዙ ነው። እያንዳንዱን የሚያወድስ ሃያሲ አታጡም፣ የሚነቅፈውንም እንደዚሁ። አንዱ ለዋናዋ ሴት ገጸ ባሕርይ፣ ለሮዚና፣ ከዚህች የተሻለ የለም ያለላትን ዘፋኝ ሌላው ድምፅዋ ለቦታው አይሆንም ይላል። ሁለቱም ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ግምገማ ስታነቡ መጀመሪያ ገምጋሚው ምን እየፈለገ እንደሆነ እዩ። ድምፅ ነው? ትወና ነው? ኖታው ሳይነካ መቅረቡ ነው?

እኔ የምፈልገውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በዚህ ኦፔራ ሳቁ ያለው ሙዚቃው ውስጥ ነው። ሮሲኒ ቀልዱን በኖታ ጽፎታል። ሐሜት ከሹክሹክታ ተነስቶ እንደ መድፍ እስኪፈነዳ ድረስ እንዴት እንደሚያድግ ኦርኬስትራው ራሱ ያሳያችኋል፤ የተናደደ ሽማግሌ ምላሱ እስኪተሳሰር እንዴት እንደሚለፈልፍ የዜማው ፍጥነት ይነግራችኋል። እና እኔ የማደንቀው ዘፋኞቹ በዘፈናቸው የሚያስቁበትን ዝግጅት ነው። በዚያ ላይ አዘጋጁ በየደቂቃው ሌላ ቀልድ ሲደርብበት ሙዚቃውን ይሸፍነዋል። ከዚህ በታች የምሰጠው ፍርድ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የለንደኑን የ2009 ቅጂ እዩ። ሙዚቃውን በጥራት መስማት ለሚፈልግ የ1972ቱ ፊልም። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ደስ ይላል።

ታሪኩ በአጭሩ

ሮዚና ወጣት ናት፣ ሀብትም አላት። አሳዳጊዋ ዶክተር ባርቶሎ ከቤት አያስወጣትም፤ ሊያገባት ይፈልጋል፣ ከነገንዘቧ። ካውንት አልማቪቫ የሚባል ባላባት አይቷት ወዷታል። በማዕረጉ እንድትወደው ስላልፈለገ ሊንዶሮ የሚባል ድሃ ተማሪ ነኝ ይላታል። ወደ ቤቱ የሚያስገባው ፊጋሮ ነው፣ የከተማው ፀጉር አስተካካይ፣ የማይገባበት ቤት የሌለ ሰው። አልማቪቫ አንዴ የሰከረ ወታደር መስሎ፣ አንዴ የሙዚቃ አስተማሪ መስሎ ይገባል። እውነተኛው የሙዚቃ አስተማሪ ዶን ባዚሊዮ ደግሞ ሐሜት አዋቂ ነው፤ ገንዘብ ካዩለት ወደፈለጉት ይዞራል። ማን ማንን እንደሚያገባ ከመጀመሪያው ትገምታላችሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ፍርድ

ሥራው መጀመሪያ የታየው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1816 ሮም፣ ቴአትሮ አርጀንቲና ውስጥ ነው። ሮሲኒ 24 ዓመት ሊሞላው ቀናት ነበር የቀሩት። በዚያው ታሪክ ላይ ጆቫኒ ፓይዚዬሎ በ1782 ለሴንት ፒተርስበርግ የሠራው የተወደደ ኦፔራ ነበር። ሮሲኒ አንጋፋውን ላለመዳፈር ሥራውን «አልማቪቫ» ብሎ ነበር የሰየመው። አልጠቀመውም። የፓይዚዬሎ ወዳጆች ሊያፏጩ ተዘጋጅተው መጡ። እነሱ ብቻም አይደሉም፣ ምሽቱ ራሱ አልሆነም፦ አልማቪቫን የሚጫወተው ማኑኤል ጋርሲያ በመስኮቱ ሥር ሊዘፍን ሲል የጊታሩ ክር ተበጠሰ፣ ባዚሊዮ ወድቆ አፍንጫው ደማ፣ በመሃል ድመት መድረክ ላይ ወጣች። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሳቀ፣ አፏጨ። ይህን የመጀመሪያዋ ሮዚና ጀልትሩዴ ሪጌቲ ጆርጂ ራሷ ከጊዜ በኋላ ጽፋዋለች።

በሁለተኛው ምሽት ሮሲኒ ቤቱ ቀረ። ያው ኦፔራ፣ እነዚያው ዘፋኞች። ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ከመድረክ ወርዶ አያውቅም ማለት ይቻላል። በመክፈቻ ማግስት የተጻፈ ግምገማ ስታነቡ ይህን አስታውሱ። የአንድ ምሽት ፍርድ የአንድ ምሽት ነው። አንድን ቅጂ ለመምረጥ ዓመታት ካለፉ በኋላም ሰዎች የሚመለሱበት መሆኑን ማየት ይበልጥ ይረዳል።

ምኑን አይተን እንምረጥ?

መጀመሪያ ሮዚና። ሮሲኒ ይህን ክፍል የጻፈው ዝቅ ላለ የሴት ድምፅ ነው። በኋላ ግን ሶፕራኖዎች፣ ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴት ዘፋኞች፣ ወደዱትና ወሰዱት። «ኡና ቮቼ ፖኮ ፋ» የተባለውን ዝነኛ ዘፈኗን በግማሽ ቃና ከፍ አድርገው፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን ጌጥ ጨምረው መዝፈን ለምደው ኖሩ። ሃያስያን እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው። እኔ ከዝቅተኛው ድምፅ ጋር ነኝ። ምክንያቴ ዘፈኑ ነው፦ ሮዚና እዚያ ላይ ታዛዥ ነኝ፣ ጨዋ ነኝ፣ ከነኩኝ ግን እፉኝት እሆናለሁ ትላለች። እፉኝቷ ያለችው ታችኛው ድምፅ ላይ ነው። ቀጭን ድምፅ ሲዘፍነው ቆንጆ ልጅ ትሰማላችሁ፤ ዝቅ ያለው ድምፅ፣ ሜዞ ሶፕራኖ፣ ሲዘፍነው ግን ባርቶሎ ከማን ጋር እንደገጠመ ይገባችኋል።

ቀጥሎ ቴነሩ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ። መጨረሻው አካባቢ አልማቪቫ የሚዘፍነው «ቼሳ ዲ ፒዩ ሬዚስቴሬ» የሚባል ረጅምና በጣም ከባድ ዘፈን አለ። ለብዙ ዘመን ይቆረጥ ነበር፤ አንድም የሚችለው ስለጠፋ፣ አንድም ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ስለሚያቆመው። ሮሲኒ ራሱ በዓመቱ ዜማውን «ላ ቼኔሬንቶላ» በተባለው ኦፔራው ውስጥ ለሴት ዘፋኝ አድርጎ መልሶ ተጠቅሞበታል። ዘፈኑ ሲኖር የኦፔራው ሚዛን ይለወጣል። ባላባቱ የፊጋሮ ተረጂ መሆኑ ቀርቶ የራሱ ጉዳይ ባለቤት ይሆናል።

ሦስተኛው ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ባርቶሎና ባዚሊዮ። ብዙ ገምጋሚ በአንድ አረፍተ ነገር ያልፋቸዋል። እኔ ግን ዝግጅቱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን የማውቀው በነሱ ነው። ባርቶሎ «አ ኡን ዶቶር» የሚለውን ዘፈኑን ሲዘፍን እያንዳንዱ ቃል ካልተሰማ፣ የቱንም ያህል ፊቱን ቢያጨማድድ አያስቅም።

የ1972ቱ ፊልም፦ አባዶና ፖኔል

የኦርኬስትራው መሪ ክላውዲዮ አባዶ ነው፣ አዘጋጁ ዣን ፒየር ፖኔል፣ ኦርኬስትራውና መዘምራኑ የሚላኖው ኦፔራ ቤት የላ ስካላ። ዝግጅቱ መጀመሪያ ለመድረክ የተሠራ ነበር፤ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው በፊልም ሠሩት። ዘፋኞቹ ድምፃቸውን ቀድመው ቀርጸው በካሜራ ፊት በፕሌይባክ ነው የሚጫወቱት።

የዚህ ቅጂ ዝና የሚጀምረው ከኖታው ነው። አልቤርቶ ዜዳ የተባለው የሙዚቃ ሊቅ የጥንቱን ጽሑፍ አገላብጦ ያረመው እትም በ1969 በሪኮርዲ ታትሞ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ልማድ፣ ዘፋኞች የጨመሩት ጌጥ፣ መሪዎች የደረቡት መሣሪያ፣ ያ ሁሉ ወጣ። አባዶ በዚህ ንጹሕ ኖታ ሲመራው ሰው ሌላ ሥራ የሰማ ያህል ተገረመ። ሃያስያን ዛሬም በዚህ አይለያዩም። ክሬሼንዶዎቹን ስሙ፦ ከምንም ተነስተው ቀስ እያሉ ያድጋሉ፣ ማንም አይቸኩልም፣ ሲፈነዱ ግን ወንበራችሁ ላይ አትቀመጡም።

ሮዚና ማድሪድ የተወለደችው ቴሬዛ ቤርጋንዛ ናት። ለኔ ከሁሉም የላቀች ሮዚና እሷ ናት፤ ይህን የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ድምፅዋ ሞቅ ያለ ነው፣ ሩጫው፣ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉት ኖታዎች፣ ጥርት ያለ፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም የሚጮህ ነገር የለም። ዓይኗን ትንሽ ታዞራለች፣ ይበቃል። ባርቶሎው ኤንዞ ዳራ ነው። እሱን ሳይ ደስ የሚለኝ ባርቶሎን ሞኝ አለማድረጉ ነው። ይህ ሰው ሐኪም ነው፣ ክብር አለው፣ ሊታለል እንደሆነም ጠርጥሯል። የሚያስቀው ክብሩን ሊያጣ ባለመፈለጉ ነው። ባዚሊዮው ፓውሎ ሞንታርሶሎ በአንጻሩ ሁሉንም ያጋንናል፤ ለካሜራው ቅርበት ትንሽ በዝቷል።

ክርክሩ ያለው በሁለቱ ላይ ነው። ፊጋሮው ሄርማን ፕራይ ጀርመናዊ ነው፣ በሹበርት መዝሙሮች ስሙን የተከለ ባሪቶን፣ ማለት መካከለኛ የወንድ ድምፅ። ጣሊያንኛው የጀርመን ቃና አለው፣ ፈጣኑን ሩጫ እንደ ጣሊያኖቹ አያሽከረክረውም የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ደስታው ግን ይጋባል። ሲገባ ክፍሉ ይሞቃል። ቴነሩ ሉዊጂ አልቫ ፔሩያዊ ነው፤ አኳኋኑ የጨዋ ልጅ አኳኋን ነው፣ ድምፁም ለስላሳ። ሩጫው ላይ ግን በየኖታው መሃል ትንሽ «ሃ» ትሰማላችሁ፣ ሃያስያንም ለዓመታት ያነሱበት ይኼንን ነው። «ቼሳ ዲ ፒዩ» በዚህ ፊልም ውስጥ የለም።

ሌላው ጉድለት ከፊልምነቱ የሚመጣ ነው። ተመልካች የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ማንም ሊሳሳት አይችልም። አንዳንድ ሰው ይህ ይቀዘቅዘዋል። ለኔ ሙዚቃውን ለመስማት ይመቸኛል፤ ኦፔራን የማያውቅ ጓደኛ አጠገቤ ቢቀመጥ ግን በዚህ አልጀምርለትም።

የ1988 ሁለት ሮዚናዎች

በአንድ ዓመት የተቀረጹ ሁለት ቅጂዎች አሉ፤ አንድ ላይ ቢታዩ ጥሩ ነው፣ የሮዚናን ድምፅ ክርክር በጆሯችሁ ትዳኛላችሁ።

አንደኛው ጀርመን ሽቬትሲንገን ነው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ የቤተ መንግሥት ቲያትር ውስጥ። መሪው ጋብሪዬሌ ፌሮ፣ አዘጋጁ ሚካኤል ሃምፔ። ሮዚና ቼቺሊያ ባርቶሊ ናት፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ዝነኛ ሆናለች፤ ስሟ ሲገን ደግሞ ሃያስያን ሁለት ነገር ደጋግመው ይሉላታል፦ አንዱ ድምፅዋ ትልቅ አይደለም፣ ሌላው ሩጫውን እንደ መትረየስ ትተኩሰዋለች። እዚህ ቅጂ ውስጥ ሁለቱም አያስቸግሩም። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ መጮህ አያስፈልጋትም፣ ገና ወጣት ስለሆነችም ሩጫው ትኩስ ነው። ቀልዱ ከአፏ ሳይወጣ ዓይኗ ውስጥ ታዩታላችሁ። ከጎኗ ያሉት ጂኖ ኪሊኮና ዴቪድ ኩብለር ጥሩ ይዘፍናሉ፣ ዝግጅቱም ጨዋና ንጹሕ ነው፤ የምትታወሰው ግን እሷ ናት። ለባርቶሊ ስትሉ እዩት። ሌላ ምክንያት አልሰጣችሁም።

ሁለተኛው ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ነው፣ ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ሰው የሚይዝ ግዙፍ ቤት። መሪው ራልፍ ቫይከርት፣ አዘጋጁ ጆን ኮክስ። ሮዚና ካትሊን ባትል ናት፣ ቀጭን፣ ብርሃን የመሰለ ሶፕራኖ። ሶፕራኖ ሮዚናን የሚወድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማግኘት ይከብደዋል፤ ከላይ ያሉት ኖታዎች ላይ ስትደርስ ምንም ሳትጨነቅ ትንሳፈፋለች፣ ታዳሚውም እጇ ላይ ነው። የማይወድ ደግሞ ያቺን እፉኝት ሲጠብቅ ይቀራል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፣ ግን ባትል ስትዘፍን ጆሮዬን አልደፍንም፤ ውበቱ ውበት ነው።

ይህን ቅጂ ያለ ሮዚናም ለማየት የሚያበቃ ነገር አለው፦ ሮክዌል ብሌክ። ይህ አሜሪካዊ ቴነር ሌሎች የሸሹትን «ቼሳ ዲ ፒዩ» መድረክ ላይ ከመለሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ድምፁ ለጆሮ ለስላሳ አይደለም፤ ደረቅና ጥርስ የሚነካ ቃና አለው፣ ይህን ያልጻፈ ገምጋሚ የለም ማለት ይቻላል። ችሎታው ግን እጅ በአፍ ያስጭናል። አንድ ትንፋሽ ላይ ስንት ኖታ እንደሚያሰልፍ ስሙ። ቆንጆ ድምፅ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ አይስማማችሁም። የሰው ልጅ ጉሮሮ ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት ከፈለጋችሁ ግን ከዚህ ጀምሩ። ፊጋሮው ሌዮ ኑቺ ጣሊያናዊ ነው፣ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፕራይን በጀርመንኛ ቃናው የነቀፉ ሰዎች መልሳቸውን እዚህ ያገኛሉ። ባርቶሎም እንደገና ኤንዞ ዳራ ነው። ከፊልሙ ጋር አስተያዩት። እዚያ በቅርብ ካሜራ በቅንድቡ ይጫወት የነበረው ሰው እዚህ ግዙፍ ቤት እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይደርሳል፤ ቃላቱን ግን አንዱንም አላላላም።

ለንደን 2009፦ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለችው ሮዚና

አሁን ወደምወደው መጣሁ። ኮቨንት ጋርደን የተባለው የለንደን ኦፔራ ቤት፣ ጁላይ 2009። መሪው አንቶኒዮ ፓፓኖ፣ አዘጋጆቹ ሞሼ ላይዘርና ፓትሪስ ኮሪዬ፤ ዝግጅቱን መጀመሪያ ያቀረቡት በ2005 ነው። ሮዚና የካንሳሷ ጆይስ ዲዶናቶ፣ አልማቪቫ የሊማው ሁዋን ዲዬጎ ፍሎሬዝ።

በመክፈቻው ምሽት፣ ጁላይ 4፣ ዲዶናቶ በመጀመሪያው ክፍል ላይ አንሸራተታትና ወደቀች። ተነሥታ ቀጠለች። መጀመሪያ እያነከሰች፣ በኋላ በክራንች ተደግፋ ኦፔራውን እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ሐኪም ቤት ስትደርስ እግሯ ተሰብሯል። በቀሩት ምሽቶች ተተኪ ይገባል ተብሎ ቢጠበቅ ማንም አይፈርድም ነበር። እሷ ግን እግሯን በጀሶ አሳስራ፣ ጀሶውም ሮዝ ቀለም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተመልሳ መጣች። በቪዲዮ የተቀረጸው ይህ ነው።

ዜናው ሲወራ ብዙ ሰው የዘፋኟን ጀግንነት ብቻ ነው ያየው። ጀግንነት መሆኑ አያጠያይቅም። ለኔ የሚበልጠው ግን ወንበሩ በታሪኩ ላይ ያደረገው ነው። ሮዚና የተቆለፈባት ልጅ ናት። መውጣት አትችልም። አሁን ጭራሽ መራመድም አትችልም። ስትናደድ ወንበሩን ታዞረዋለች፣ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች፣ እና ያ ሁሉ ጉልበት መውጫ ስለሌለው ድምፅዋ ውስጥ ይገባል። «ኡና ቮቼ ፖኮ ፋ» ላይ ስለ እፉኝቷ ስትዘፍን ታምኗታላችሁ። ይህን ብዙ ሃያስያን አስተውለዋል፦ አደጋው ገጸ ባሕርይዋን አጠነከራት። ሩጫው ላይ አንድም የተዘለለ ኖታ የለም፤ ተቀምጦ መዝፈን ለትንፋሽ ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ፍሎሬዝ ደግሞ «ቼሳ ዲ ፒዩ»ን ይዘፍናል። ብሌክ ችሎታውን ያመጣል፤ ፍሎሬዝ ችሎታውንም ውበቱንም ያመጣል። አልቫ ላይ የሰማችሁት «ሃ» እዚህ የለም። ኖታዎቹ ተያይዘው ይፈስሳሉ፣ እያንዳንዱ ግን ለብቻው ይሰማል። ባርቶሎው አሌሳንድሮ ኮርቤሊ ለኔ የኤንዞ ዳራ ወራሽ ነው፤ ምንም ሳይጮህ፣ ምንም ሳይንፈራፈር፣ በቃላቱ አጠቃቀም ብቻ ያስቃል። ባዚሊዮው ፌሩቾ ፉርላኔቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ የምትሉት ነገር አለ፦ በ1988ቱ የኒው ዮርክ ቅጂ ውስጥም ባዚሊዮ እሱ ነው። «ላ ካሉንያ» የሚባለውን የሐሜት ዘፈን ከሁለቱም አውጥታችሁ አከታትላችሁ ስሙ። በሃያ ዓመት መሃል አንድ ዘፋኝ ስለ አንድ ዘፈን ምን እንደሚማር ታያላችሁ።

ድክመት የለውም አልልም። ፊጋሮው ፒዬትሮ ስፓኞሊ በሚገባ ይዘፍናል፣ ግን መድረኩን የሚሞላ ሰው አይደለም፤ በዲዶናቶና በፍሎሬዝ መሃል ሲቆም ይደበዝዛል። መድረኩም እንደ ሳጥን የተዘጋ፣ ባለ መስመር፣ ደማቅ ቀለም የተቀባ ክፍል ነው። ቀለሙ የሰለቸው ገምጋሚ ነበር፣ አልፈርድበትም። ሳጥኑ ግን ለዘፋኞቹ ድምፅ ይጠቅማል፣ ለታሪኩም እስር ቤትነቱ ይስማማል።

አንድ ትዕይንት፣ ሦስት አዘጋጆች

የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ሁሉም በድንጋጤ እንደ ሐውልት ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይነሣና ጭንቅላታቸው ውስጥ መዶሻ እየመታ እንደሆነ እየዘፈኑ እስኪያብዱ ይፈጥናል። አዘጋጆችን ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ፖኔል በፊልሙ ሙዚቃውን ያምነዋል። ሰዎቹን ያቆማቸዋል፣ ሥራውን ለአባዶ ይተዋል። ለንደን ላይ ያ የሳጥን ክፍል ራሱ እንደ መርከብ መወዛወዝ ይጀምራል። ተጨማሪ ቀልድ ነው፣ ግን ሙዚቃው የሚለውን ነው የሚያሳየው፣ እና ይሠራል። ሦስተኛው የባርትሌት ሼር ዝግጅት ነው፣ ሜትሮፖሊታን ላይ ከ2006 ጀምሮ የሚታየው። እሱ ከላይ ግዙፍ የብረት አንጥረኛ መስፍ ያወርዳል። ታዳሚው ይስቃል። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ዘፋኞቹን መስማት አቆማለሁ፣ ዓይኔ ብረቱ ላይ ይቀራል።

ለፍትሕ ያህል፣ የሼር ዝግጅት አንድ ትልቅ ነገር አለው። በኦርኬስትራው ዙሪያ መተላለፊያ ሠርቶ ዘፋኞቹን ወደ ሕዝቡ አፍንጫ ሥር አምጥቷቸዋል፣ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በማርች 2007 በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች የተላለፈው ቅጂ ላይ ፍሎሬዝና ዲዶናቶ እዚህም አብረው አሉ፣ እሷም በሁለት እግሯ ቆማ። ፊጋሮው ስዊድናዊው ፔተር ማቴይ ነው። ፊጋሮን በተመለከተ ብቻ ከሆነ ምርጫዬ ይኼ ነው፦ ረጅም፣ ቀልጣፋ፣ ድምፁ የሚያብረቀርቅ። የለንደኑ ስፓኞሊ ያጎደለውን ሁሉ ማቴይ አለው።

የእንግሊዙ የኦፔራ ፌስቲቫል ግላይንድቦርን በ2016 ያቀረበውን ደግሞ ኮርቤሊን ለወደደ ሰው ብቻ እጠቁማለሁ። መሪው ኤንሪኬ ማዞላ ነው፣ ሮዚና ዳንዬል ደ ኒዝ። እሷ ሶፕራኖ ናት፣ እንቅስቃሴዋም ብዙ ነው፤ ለኔ በዝቶብኛል።

ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ

መኪና ውስጥ ወይም ሥራ ላይ ለምትሰሙ ሰዎች የ1957ቱን የማሪያ ካላስ ቅጂ እመክራለሁ። መሪው አልቼዮ ጋሊዬራ፣ ፊጋሮ ቲቶ ጎቢ፣ ቴነሩ ከፊልሙ አሥራ አምስት ዓመት በፊት የነበረው ወጣቱ አልቫ። የአቀባበሉ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። ካላስ በ1956 ላ ስካላ ላይ ሮዚናን ስትጫወት አልተሳካላትም፤ አበዛችው፣ አጋነነችው ተባለ። በዓመቱ ስቱዲዮ ገብታ ስትቀርጸው ግን ያው ክፍል ከምርጥ ቅጂዎቿ አንዱ ሆነ። ታዛዥ ነኝ፣ ጨዋ ነኝ ስትል ቆይታ «ግን» የምትለው አንዲት ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋን እንዴት እንደምታዞረው ስሙ። በዚያች ቃል ያልተደነቀ ሃያሲ ማግኘት ይቸግራል። ኖታው የቆየው ነው፣ የተቆራረጠ ቦታም አለው፤ ስለዚህ ብቸኛ ቅጂያችሁ አታድርጉት።

እንዴት ትጀምሩ?

ኦፔራው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። በአንድ ምሽት መጨረስ ግዴታ አይደለም። ሁለት ክፍል ስለሆነ ለሁለት ምሽት ቢከፈል ምንም አይጎድልበትም። ታሪኩን ቀድማችሁ አንብቡ፤ የግርጌ ጽሑፍ እያሳደዱ ማየት የዘፋኞቹን ፊት ያሳጣል፣ በዚህ ኦፔራ ደግሞ ፊት ማጣት ብዙ ማጣት ነው። ከልጆች ጋር የምታዩ ከሆነ የሜትሮፖሊታኑን የ2007 ቅጂ አስቀድሙ፣ ያ እኔን የረበሸኝ መስፍ እነሱን ያስፈነድቃቸዋል። ብቻችሁን ወይም ከጓደኛ ጋር ከሆነ ለንደንን።

ያን ከወደዳችሁት፣ ሁለተኛው ምርጫ የአባዶ ፊልም ይሁን፣ እና በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ። ካልወደዳችሁት ደግሞ ምኑ እንዳልተስማማችሁ ለዩ። ቀለሙና መድረኩ ከሆነ ወደ ሽቬትሲንገን ሂዱ፣ ንጹሕ ነው። የሮዚና ድምፅ ወፍራም ከሆነባችሁ ባትልን ሞክሩ። ፊጋሮው ከሰለቻችሁ ማቴይ አለላችሁ። የቴነሩ የመጨረሻ ዘፈን ከረዘመባችሁ ግን ፊልሙ ውስጥ የለም፣ ወደዚያ ተሻገሩ።